ቫይታሚን ያልነው መርፌ

ሐቫና፣ ማርች 9 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ወንድሜ አርሄልዮ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ኤራስሞ ከባራኮዋ የላክኸውን ቸኮሌት መንገድ ላይ ሳይቀምስ አስረክቦኛል፤ ይኼ ራሱ ተአምር ስለሆነ አመስግንልኝ። እኔም ልጆቹም ደህና ነን። አሁን ወደ ነገራችን።

አይቻልም። የመድኃኒቱን ሳጥን ጽሑፍ ልጠህ መጣል አይቻልም፣ በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት መለጠፍም አይቻልም። ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትጠይቀኝ? ያ መድኃኒት እኔ በምሠራበት የምርምር ማዕከል ስንት ሰው ዕድሜውን የፈጀበት ነው። አንተ ደግሞ «ቫይታሚን» ብለህ ስም አወጣህለት።

አባባ ካንሰር አለበት። ሳንባው ላይ። ይኸው ጻፍኩት፣ እጄ አልተቆረጠም። አንተም ብትናገረው ምላስህ አይቆረጥም።

መጀመሪያ ሆስፒታል የገባ ጊዜ «የካካዎ ብናኝ ሳንባህ ውስጥ ሻግቶ ነው» አላችሁት። ሰውየው ደንግጦ ነበርና ዝም አልኩ። በደም ሥሩ በሚንጠባጠበው መድኃኒት ፀጉሩ ሲረግፍ «የሴረሙ ብርታት ነው» አላችሁት፤ አሁንም ዝም አልኩ። የአሁኑ ግን ሌላ ነው፣ ጆሮህን ስጠኝ። ይህ መርፌ እንደ በፊቱ መድኃኒት ዕጢውን የሚያቃጥል አይደለም። ዕጢው የሚያድግበት ቀለብ አባባ ደም ውስጥ ይዞራል። መርፌው የሚያደርገው የአባባን የራሱን ገላ ያንን ቀለብ እየለቀመ እንዲያስቀር ማስተማር ነው። ሥራውን የሚሠራው ገላው ነው። ገላ ደግሞ ይረሳል። በየወሩ ካላስታወሱት ትምህርቱን ይተወዋል፣ ዕጢውም ቀለቡን መልሶ ያገኛል። ስለዚህ አባባ በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ ሁለት ክንዱንና ሁለት መቀመጫውን መወጋት አለበት። ይህን ሁሉ በቫይታሚን ስም እስከ መቼ ልታስኬደው ነው? ቫይታሚን እኮ ሰው ሲሻለው የሚያቆመው ነገር ነው።

ስልክ ያልደወልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ጎረቤትህ ኢሉሚናዳ ቤት ስልክ ላይ ስትቆም ሴትዮዋ አጠገብህ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች፤ ሽንኩርቱ ሳያልቅ ወሬው ወደብ ይደርሳል። በደብዳቤ ይሻለናል።

ንገረው።

እህትህ ሚግዳልያ


ባራኮዋ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2013

እህት ዓለም፣

ሰላም ላንቺና ለልጆቹ። መልሴ የዘገየው በእኔ ጥፋት አይደለም። ዝናቡ ተራራው ላይ መንገዱን ቆርጦት ኤራስሞ ሳይወጣ ሰነበተ። እሺ፣ ከዝናቡ በፊትም ትንሽ ዘግይቻለሁ። ይቅር በይኝ።

አዎ፣ መርፌውን ጀምሯል። አይ፣ አላተኮሰውም፤ ክንዱ ትንሽ ቀላ ብሎ ነበር፣ ነርሷ ዙልማ የሚጠበቅ ነው ብላለች። አዎ፣ ይበላል። እንዴት ነው የሚበላው ብትዪኝ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን የሙዝ ሊጥ በሸርጣን ሦስቱን ቅርጥፍ አድርጎ የእኔን ያያል።

ያልጠየቅሽኝን ደግሞ ልንገርሽ። ሰውየው ወፍሯል። ሱሪው አልዘጋ ብሎት ቁልፉን ያዛወርኩለት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የካካዎውን ፍሬ ፀሐይ ላይ እየበተነ ያፏጫል። ዶሚኖ ላይ እንደ ድሮው ያጭበረብራል፣ ያውም ሳይያዝ።

አሁን እንዲህ ያለውን ሰው ቁጭ አድርገሽ «ካንሰር ይዞሃል» በዪው እስቲ። አንቺ እዚያ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ትጽፊያለሽ። እዚህ ለበሽተኛው አይነገርም፣ ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው። አንቺም እዚሁ ነው የተወለድሽው፣ እንደ ፈረንጅ አትሁኚብኝ። አጎታችንን ፕላሲዶን ረሳሽው? ዶክተሩ በቅንነት ነገረው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ እህል አልቀምስ አለ፣ ወር ሳይሞላው ቀበርነው። በሽታው አይደለም የገደለው፣ መርዶው ነው። አባባ ደግሞ የዚያው ሰውዬ ወንድም ነው።

አልሞከርኩም እንዳትዪኝ ሞክሬያለሁ። ባለፈው እሑድ «አባባ፣ ስለ መርፌው ነገር» ብዬ ጀመርኩ። «ግሩም ነገር ነው፣ እንዲያውም ዘግይታችሁ ነው የሰጣችሁኝ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበለው?

ሌላ ወሬ የለም። ወይዘሮ ኔሬይዳ ሰላም ብለውሻል፤ የሟቹ የልብስ ሰፊው የኦሬስቴስ ባለቤት፣ ትዝ ካሉሽ። አልፎ አልፎ ቤት ብቅ ይላሉ።

ወንድምሽ አርሄልዮ


ሐቫና፣ ሜይ 30 ቀን 2013

አርሄልዮ፣

«አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ» ነው ያልከው? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ኤራስሞ እንደነገረኝ ከሆነ ወይዘሮ ኔሬይዳ አልፎ አልፎ የሚሄዱት ወደ ራሳቸው ቤት ነው። በበዓሉ ቀን አባባና እሳቸው ሙዚቀኞቹ ጊታራቸውን ሰብስበው እስኪሄዱ ድረስ ሲጨፍሩ ነበር አሉ። ከሹፌር አፍ ነው የራሴን አባት ወሬ የምሰማው።

ደስ ብሎኛል፣ አትሳሳት። እማማ ከሞተች ወዲህ ያ ሰውዬ ጫማውን እንኳ ወልውሎ አያውቅም ነበር። ግን ወይዘሮዋ ያውቃሉ? ነግረሃቸዋል? እንዳልነገርካቸው አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ።

አይ፣ የጤና ጣቢያዋ ዶክተር እንድትነግረው አልፈልግም። ባዕድ ሰው አይነግረውም። አንተ እንደማትችል ደግሞ ገብቶኛል። ጁላይ ላይ ፈቃድ አለኝ፣ እመጣለሁ፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። አንተ ዶሚኖውን ደብቅና ሰውየውን ብቻ አስቀምጥልኝ።

ሚግዳልያ


ሐቫና፣ ኦገስት 12 ቀን 2013

አርሄልዮ፣

አትሳቅ። ከዚህ ሆኜ ሳቅህ ይሰማኛል።

በሰላም ገብቻለሁ። ኮኮናቱም ማሩም አልፈሰሰም። አሁን ለጠየቅኸኝ ልመልስልህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምመልሰው፣ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።

የመጨረሻው ቀን ለብቻችን ወንዝ ዳር ይዞኝ ወረደ አይደል? ልነግረው ነበር። ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ ለተማሪዎች እንደማስረዳው አድርጌ። እሱ ቀደመኝ። አዲስ የተከላቸውን የካካዎ ችግኞች አንድ በአንድ እያሳየኝ «እነዚህ ፍሬ የሚሰጡት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ የእኔ ግልምቢጥ ኔሬይዳ ግን ከአሁኑ የቸኮሌት ማፍሊያ ድስት ገዝታለች» ብሎ ሳቀ። አራት ዓመት አለኝ። እንደ እሱ ከታመሙት አራት ዓመት የሚደርሱት ጥቂት እንደሆኑ እኔ በሙያዬ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? «አባባ፣ ቫይታሚንህን እንዳታቋርጥ» አልኩት። በገዛ አፌ። ስንት ወር አንተን ስሰድብህ ከርሜ። አውቶቡሱ ላይ እስከ ሆልጊን ከተማ ድረስ እንባዬን ስጠርግ ነበር፣ ኤራስሞን ብትጠይቀው ጉንፋን ነው ይልሃል፣ እንዲያ በለው ብዬዋለሁ።

ይቅርታ አድርግልኝ፣ ስለ ስድቡ። ይህ ማለት ግን አንተ ልክ ነህ ማለት አይደለም። ፈሪ ሁለት ቢሆንም ያው ፈሪ ነው። አንዳችን ማድረግ አለብን፣ አጠገቡ ያለኸው ደግሞ አንተ ነህ።

ሚግዳልያ


ባራኮዋ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2013

እህቴ፣

ሰላምታው ይቆየን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖብኛል።

ማክሰኞ ዙልማ እንደ ወትሮዋ የበረዶ ሳጥኗን አንግታ መጣች። ወይዘሮ ኔሬይዳ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር። አባባ እጅጌውን ጠቀለለና፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ዛሬ እኔን ተዪኝ፣ እሷን ውጊያት። አታዪም እንዴ እንዴት እንደከሳች?»

«አቶ ኤውሴቢዮ፣ ይኼ ለእርስዎ ነው የታዘዘው» አለችው ዙልማ።

«ለእኔ ለምን? ምን የተለየሁ ሆኜ ነው?»

ዙልማ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«ገባኝ» አለ አባባ። «ልጄ ሐቫና ስለምትሠራ ነው። ስሚ፣ እኔ በዕድሜዬ ዳቦ በሰልፍ፣ ዘይት በሰልፍ ነው የወሰድኩት። ከጎረቤቴ ተለይቼ የበላሁት ነገር የለም። ደግሞ ለመድኃኒት ብዬ አሁን ልጀምር? ለኔሬይዳ የማይሰጥ ከሆነ ለእኔም ይቅር። ለነገሩ ተሽሎኛል።» ብሎ እጅጌውን አወረደ።

ዙልማ ለመነችው። እኔም ለመንኩት። ወይዘሮ ኔሬይዳም የልብስ መቆንጠጫውን አፋቸው ላይ ይዘው መጥተው «ኧረ ተወጋ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምን ሆንኩና» አሉት። «ለዚህ ነው እኮ የምወድሽ፣ ለራስሽ አታውቂም» ብሏቸው ዶሚኖውን ሊጫወት ሄደ። በረዶው እየቀለጠ ስለሆነ ዙልማም መድኃኒቱን ይዛ ተመለሰች።

ምን ላድርግ? አንድ ወር ቢያልፈው ይጎዳዋል ወይ? ቶሎ ጻፊልኝ።

አርሄልዮ


ሐቫና፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2013

አርሄልዮ፣

አዎ፣ ሊጎዳው ይችላል። ምን ያህል ብትለኝ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። አንዳንድ ገላ ትምህርቱን ቶሎ አይረሳም፣ አንዳንዱ ወዲያው ይረሳል። አባባ ከየትኞቹ እንደሆነ በእሱ ላይ ሞክሬ ማወቅ አልፈልግም።

አየኸው አይደል? ይህን ያመጣው ያ የተረገመ ቫይታሚንህ ነው። ቫይታሚን ሰው ለጎረቤቱ የሚያካፍለው ነገር ነው። እውነቱን ነግረኸው ቢሆን ኖሮ ኔሬይዳን ላካፍልሽ ይላት ነበር? ሰውየው ምንም አላጠፋም። ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩነቱ ሊገድለው ነው፣ እኛ ነን ቢላውን ያቀበልነው።

ዛሬውኑ ንገረው። ዛሬ ነው ያልኩህ።

ሚግዳልያ


ባራኮዋ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2013

እህት ዓለም፣

እንኳን ደስ ያለሽ። አባባ ተወግቷል። ከቀኑ ትንሽ ቢያልፍም አራቱንም ተወግቷል።

እንዴት ሆነ ካልሽኝ፣ አትቆጪ። ዙልማን ለምኜ ለወይዘሮ ኔሬይዳ እውነተኛ ቫይታሚን አስመጣሁላቸው፣ ያን ቀይ ቀዩን። ዙልማ ሰው ስለማይጎዳ ነው እሺ ያለችኝ። መጀመሪያ አንድ መርፌ ብቻ ነበር ሐሳባችን። አባባ ግን ቆጥሮ «እኔ አራት፣ እሷ አንድ? ይኼ ምን ዓይነት እኩልነት ነው?» አለ። ዙልማም ምን ታድርግ፣ ያችኑ አንዷን በአራት ከፋፍላ ወጋቻቸው።

ያ ነገር ሲገባ እንደ በርበሬ ያቃጥላል አሉ። ወይዘሮ ኔሬይዳ ግን ትንፍሽ አላሉም። አባባ ከበሩ ውጭ ቆሞ «አመመሽ እንዴ?» ይላቸዋል። «ዝም ብለህ ተራህን ጠብቅ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መቀመጥ አቅቷቸው ቆመው ምሳ በሉ። ሰፈሩ «የቫይታሚን ሙሽሮች» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል።

ሙሽሮች ስል ትዝ አለኝ። ሠርጉ ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ልነግርሽ ረስቼው ነበር። አሳማውን ከአሁኑ እያደለብነው ነው።

ወንድምሽ አርሄልዮ


ሐቫና፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2013

አርሄልዮ፣

ረስቼው ነበር አልከኝ? የአባትህን ሠርግ? ደብዳቤህን ሳነብ ጮኼ ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አንተን ለመምከር ጉልበት የለኝም፤ ዙልማንም አልወቅስም፣ አንተ አጠገቧ ቆመህ የማትሠራው ነገር የለም። ምንም ያልሆነችን ሴት በየወሩ አራት ቦታ ታስወጋታለህ፣ ዙልማም ትወጋልሃለች። አንድ ውሸት ለማዳን ሰው መወጋት የጀመረበት ቤት የእኛ ብቻ ይመስለኛል።

ግን እሱን እንተወው። ከእሱ የባሰ አለ። ወይዘሮ ኔሬይዳ ባላቸውን ኦሬስቴስን በጉሮሮ ካንሰር ነው ያጡት። ሆስፒታል ወንበር ላይ ስንት ጊዜ እንደተኙ አንተም ታውቃለህ። ቀብሩ ላይ «ከእንግዲህ የራሴን ትኩሳት እንኳ አላስታምምም» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን እኚህን ሴት ምንም ሳያውቁ አስፈርመህ፣ አሳማ አርደህ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አስታማሚ ልታደርጋቸው ነው? ይኼ ሠርግ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እኔም አብሬህ እያጠመድኩ ነው።

አዎ፣ ሊተዉት ይችላሉ። አዎ፣ አባባ ልቡ ይሰበራል። መብታቸው ነው።

ከሠርጉ በፊት ሁለቱም ይወቁ። አለበለዚያ ኢሉሚናዳ ቤት እደውልና ለራሷ ለኢሉሚናዳ እነግራታለሁ፤ ሽንኩርቷን ሳትጨርስ ሥራው ያልቃል።

ሚግዳልያ


ባራኮዋ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2014

እህቴ ሚግዳልያ፣

ተነግሯል። እኔ አይደለሁም የነገርኩት። እንዳትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ለአባባ መንገር ስላቃተኝ ለወይዘሮ ኔሬይዳ ልንገራቸው፣ እሳቸው የሚሆነውን ይሁኑ ብዬ ቆረጥኩ። ቤታቸው ሄድኩ። መጋረጃ እየሰፉ ነበር። «ወይዘሮ ኔሬይዳ፣ አንድ ከባድ ነገር አለ» ከማለቴ የስፌት መኪናቸውን አቆሙና «በመጨረሻ መጣህ?» አሉኝ።

ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ያውቃሉ። «ኦሬስቴስን ያስታመምኩ ሴት ፀጉር የሚያረግፍ ሴረም ምን እንደሆነ አላውቅም መሰለህ? ለነገሩ ማን የማያውቅ አለ? ሆስፒታሉ መጀመሪያ የደወለው ኢሉሚናዳ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከአባባ በቀር ያልሰማ ሰው የለም። እኛ ነን በደብዳቤ ስንደባበቅ የከረምነው።

«ታዲያ መርፌውን ለምን ተወጉ?» አልኳቸው።

እንዴት እንዳዩኝ ባየሽ። «ምን ላድርግ? ያ ግትር አባትህ እኔ ካልተወጋሁ አልወጋም አለ። እሱ እንዲወጋ ተወጋሁ። እናንተ ደግሞ ከውሸት ሁሉ መርጣችሁ የሚያቃጥለውን አመጣችሁልኝ። እንክብል አይባልም ነበር? ሽሮፕ አይባልም ነበር? ሁለት የተማሩ ልጆች!» እግዜር ይይልኝ፣ አንተንም እህትህንም አሉኝ። አንቺንም ጨምረው ነው።

«ልጆቹ ይንገሩት፣ የእነሱ ድርሻ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ እህትህም መጥታ ዝም ብላ ሄደች፤ እኔ ግን በማዘጋጃ ቤት ፈርሜ ከዚህ ውሸት ጋር አልተኛም» ብለው ተነሡ። አባባ ማድረቂያው ላይ ካካዎ እየበተነ ነበር። እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ። ቀጥ ብለው ሄደው ነገሩት፣ ልክ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው አድርገው።

አባባ መበተኑን አላቆመም። «ማን ማን ያውቃል?» አለ። ቆጠሩለት። እኔ፣ አንቺ፣ ዙልማ፣ ዶክተሯ፣ ኢሉሚናዳ፣ ኤራስሞ።

«ዶሚኖ የምጫወታቸውስ?»

«እነሱም።»

«ስለዚህ ሳጭበረብር እያዩ ነው ዝም የሚሉኝ» አለ። መበተኛውን እንጨት ወረወረና ወደ ቤት ገባ። ከበሽታው ይልቅ ይኼ ነው ያቃጠለው። በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ እራቱን አልበላም። እኔ ፕላሲዶ ታወሰኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ጠዋት ስነሣ አልጋው ባዶ ነው። በየመንገዱ ስሮጥ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አገኘሁት፣ ተሰልፎ፣ ተላጭቶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ። የዚህ ወር መርፌ ገና አልደረሰም ነበር። «የመጣ ቀን እኔው ራሴ እመጣለሁ፣ ቤቴ ድረስ የሚያመጣልኝ ሰው አያስፈልግም። ለኔሬይዳ ደግሞ ከእንግዲህ አንድም መርፌ እንዳትነኳት» ብሎ ዙልማን ሲያዛት ሰማሁ።

እኔን ግን አያናግረኝም። ጨው ሲፈልግ በወይዘሮ ኔሬይዳ በኩል ነው የሚጠይቀኝ፣ አንድ ገበታ ላይ ቁጭ ብለን። እሳቸው ደግሞ እንደ ወትሮው ይስቃሉ። እሱ ግን አይስቅም፤ ሰሞኑን እሳቸውን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፣ ስለ ሠርጉም ሲያነሡበት ወሬ ይቀይራል። ምን እያሰበ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚህ ጋር የታሸገ ወረቀት አለ። እሱ በእጁ የጻፈው ነው። ላነበው ብል «ላንተ አይደለም፣ አንተ ቫይታሚን ነው ትላለህ» አለኝ። ያናገረኝ ያቺን አንድ ቃል ብቻ ነው። ለእሱ ለራሱ መልሺለት።

አርሄልዮ


ሐቫና፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2014

አባባ፣

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እንደጠየቅኸኝ በተራ እመልስልሃለሁ።

አዎ፣ ካንሰር ነው። አዎ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። አዎ፣ ጁላይ ላይ አጠገብህ ተቀምጬ ስስቅም አውቅ ነበር። ሰበብ የለኝም። ሌላውን ሁሉ በአርሄልዮ ላይ ሳላክክ ከረምኩ፣ ይኼ ግን የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።

አይ፣ መርፌው አያድንህም። የሚያደርገው ገላህን ራሱን ጠባቂ ማድረግ ነው፤ ገላህ ዕጢውን አስርቦ ባለበት ያቆየዋል። እስካሁን በደንብ እየሠራልህ ነው፣ የተላከልኝን የሳንባህን ምስል በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ዓመት የጨፈርከው፣ የወፈርከው፣ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ ስሙ ብቻ ነው።

ለስንት ጊዜ ነው ላልከኝ፣ አላውቅም። ደብቄህ አይደለም። ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ያጣናቸውም አሉ። አንተ ከየትኞቹ እንደሆንክ የሚነግረኝ መሣሪያ ቢኖር ከዚያው ላብራቶሪ ውስጥ አልወጣም ነበር። ያለፈህ መርፌ ጎድቶህ እንደሆነም አላውቅም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄህ። አባባ፣ አንተስ ምን ነካህ? «ሐሳቤን ቀየርኩ፣ አልወድሽም ልላት ነው፣ ተቆጥታ ብትሄድ ይሻላታል፣ ሁለተኛ ባል ቁጭ ብላ ከምትቀብር። አንቺም ለእሷ ጻፊና ከድሮም ልቡ ዘዋሪ ነው ብለሽ አረጋግጪልኝ፣ ምስጢሩ በእኔና በአንቺ ይቅር» ትለኛለህ። ለአንድ ዓመት የተዋሸ ሰው፣ እውነቱን በሰማ በሳምንቱ፣ ቁጭ ብሎ ሌላ ውሸት ይፈላልጋል? እኛ ለአንተ ሳንጠይቅህ በወሰንንልህ ጊዜ እንጨት ወርውረህ በር ቆልፈሃል። አሁን አንተ ለእሷ ሳትጠይቃት ልትወስንላት ነው። ከአርሄልዮ በምን ተሻልክ? እሱ እንኳ የሚፈራው እንድትሞት ነበር። አንተ የምትፈራው አጠገብህ ሰው እንዲኖር ነው።

ይህን አልጽፍላቸውም። ምስጢርም አልጠብቅም፣ ምስጢር መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አይተነዋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ፖስታውን ሳላሽግ፣ ለአንተም ሳይሆን ለእሳቸው በእጃቸው እንዲሰጥ፣ ጮክ ብለው እንዲያነቡልህም እንዲለምናቸው ለኤራስሞ ነግሬዋለሁ። አሁን እያነበቡልህ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ኔሬይዳ፣ እዚህ ድረስ ካነበቡለት ወረቀቱን ያስቀምጡና ቀና ብለው ይዩት። አልወድሽም የሚል ከሆነ አሁን ይበል።

ልጅህ ሚግዳልያ